ነግ በኔ፦ ባለጠጋ አገርና የሩቅ ባልንጀራ

(ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤያት አባላት በተዘጋጀው የምክክር መድረክ ላይ ከፕሮጀክት ክፍላችን የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ከሰበካ ወደ ሰበካ በተዘዋወርንባቸው ያለፉት ወራት አንድ ጥያቄ ያልተነሣበት ስብሰባ አላጋጠመንም። ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ እኛ የቃና ዘገሊላን በዓል በምናከብርበት ዕለት፣ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሥልጣን በያዙ በሰዓታት ውስጥ አገራቸው ለውጭ የምትሰጠው ርዳታ ለ90 ቀናት እንዲታገድ ትእዛዝ ፈረሙ። ሰኔ 24 ቀን ደግሞ ከስድሳ ዓመታት በላይ ያን ርዳታ ሲያስተዳድር የኖረው፣ ሁላችንም ዩኤስኤአይዲ እያልን የምናውቀው ድርጅት ሥራውን አቆመ። በአገራችን በሺህ የሚቆጠሩ የጤና ሠራተኞች የሥራ ውል ተቋረጠ። ወሬው ገጠር ድረስ ዘለቀ።

በአንድ ሰበካ ሁለት አባቶች በዚህ ጉዳይ ሲከራከሩ ሰምተናል። አንደኛው «ይህ ግፍ ነው፤ ጎተራው ሞልቶ ለተራበ የሚከለክል አገር እንዴት ክርስቲያን ነኝ ይላል?» አሉ። ሁለተኛው ግን «ገንዘቡ የራሳቸው ነው፤ የሰጠ ሰው ቢተው ምስጋና እንጂ ወቀሳ አይገባውም። የሰው እጅ ማየት ራሱ ነውር ነው» ሲሉ መለሱ። ሰብሳቢው ወደ እኛ ዘወር ብለው «ዲያቆን፣ እናንተስ ምን ትላላችሁ?» ብለው ጠየቁን። በዚያን ዕለት አጥጋቢ መልስ አልሰጠንም። የዛሬው ንግግራችን ያን የዘገየ መልስ ለመስጠት የሚደረግ ሙከራ ነው።

ጥያቄው እንዲህ ነው፦ በአንድ ሩቅ አገር ምድር ስትናወጥ፣ ባሕር ከዳርቻው ሲወጣ፣ ዝናብ ሲቀር፣ ባለጠጋው አገር የመርዳት ግዴታ አለበትን? ወይስ ርዳታው ቢሰጥ የሚመሰገንበት፣ ባይሰጥ የማይጠየቅበት ቸርነት ብቻ ነው?

የተፈጥሮ አደጋ ሁሉ የተፈጥሮ ብቻ አይደለም

መልሱን ከአንድ አገር ታሪክ እንጀምር። ጥር 4 ቀን 2002 ዓ.ም. በካሪቢያን ባሕር በምትገኘው በሄይቲ፣ በዋና ከተማዋ በፖርቶፕሪንስ አቅራቢያ መጠኑ 7 የደረሰ የመሬት መንቀጥቀጥ ተነሣ። በደቂቃ ውስጥ ቤተ መንግሥቱ፣ ካቴድራሉ፣ ሆስፒታሎች፣ ትምህርት ቤቶች ፈረሱ። የአገሪቱ መንግሥት እንዳስታወቀው የሟቾቹ ቁጥር ከ200,000 በላይ ነበር። ከስድስት ሳምንታት በኋላ የካቲት 20 ቀን በቺሊ መጠኑ 8.8 የደረሰ ሌላ መንቀጥቀጥ ተነሣ። ይህ ሁለተኛው በኃይሉ ከፊተኛው ወደ 500 ጊዜ ያህል ይበልጥ ነበር። በቺሊ የሞቱት ሰዎች ግን 600 እንኳ አልሞሉም።

ልዩነቱን ያመጣው ምድር አይደለችም። የመንቀጥቀጡ ጥልቀትና ለከተማ ያለው ቅርበት የራሱ ድርሻ ቢኖረውም፣ ዋናው ነገር ቤቱ የተሠራበት መንገድ ነው። ቺሊ እ.ኤ.አ. በ1960 ከደረሰባት ታላቅ መንቀጥቀጥ ተምራ የሕንፃ ሕጓን አጥብቃለች፤ ሕጉንም የሚያስከብር መንግሥትና ብረትና ሲሚንቶ የሚገዛ ገንዘብ ነበራት። በሄይቲ ግን ድሀው ባገኘው ብሎኬት፣ ብረቱን እየቀነሰ፣ በተዳፋት ላይ ቤቱን ሠራ። ምድር ሁለቱንም አገሮች ነቀነቀች፤ በሄይቲ ያን ያህል ሕዝብ የገደለው ግን ድህነት ነው።

ድህነቱስ ከወዴት መጣ? ሄይቲ በባርነት የነበሩ ጥቁሮች የጌቶቻቸውን ጦር ድል ነሥተው እ.ኤ.አ. በ1804 ነጻነታቸውን ያወጁባት አገር ናት። እ.ኤ.አ. በ1825 ፈረንሳይ የጦር መርከቦቿን ልካ፣ ባሪያዎቻቸውንና መሬታቸውን ላጡት ጌቶች ካሣ እንዲሆን 150 ሚሊዮን ፍራንክ እንድትከፍል አስገደደቻት። ገንዘቡ በኋላ ወደ 90 ሚሊዮን ዝቅ ቢልም፣ ያን ለመክፈል የተበደረችው ብድር እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ ተከትሏታል። ነጻ የወጣው ሰው የራሱን ዋጋ ለጌታው ከፈለ ማለት ነው። ከዚያም ከ1915 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጦር አገሪቱን ይዞ ቆየ። በኋላ ዘመን ደግሞ ሄይቲ ከውጭ በሚገባ ሩዝ ላይ የምትጥለውን ቀረጥ ወደ 3 በመቶ እንድታወርድ ተገፋች። በመንግሥቱ የሚደጎመው የአሜሪካ ገበሬ ሩዝ በርካሽ ገባ፤ የአገሩ ገበሬ ማሳውን ትቶ ወደ ፖርቶፕሪንስ ተሰደደ፤ በዚያም በተዳፋቱ ላይ ያን ደካማ ቤት ሠራ። ይህ የእኛ ክስ ብቻ አይደለም። ፕሬዚዳንት በነበሩ ጊዜ መመሪያውን ያራመዱት ቢል ክሊንተን ራሳቸው መንቀጥቀጡ በደረሰ በሁለተኛው ወር በአገራቸው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርበው፣ መመሪያው ለአርካንሳስ ገበሬዎች እንደጠቀመና የሄይቲን ሕዝብ ራሱን የመመገብ ዐቅም እንዳሳጣ በይፋ አምነዋል።

እንግዲህ ከዚህ የምናገኘው የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው። ባለጠጋው አገር ለአደጋው መክፋት እጁ ካለበት፣ የሚሰጠው ሁሉ ምጽዋት ሊባል አይችልም፤ ከፊሉ ዕዳ ነው። ዕዳውን የሚከፍል ሰው ደግሞ እንደ መጽዋች ምስጋና አይጠብቅም። በሌላ በኩል ግን አደጋ በደረሰ ቁጥር «ያደኸዩን እነርሱ ናቸው» ማለት እውነቱን ሁሉ አይገልጥም። በሄይቲ የራሷ ገዢዎችም ሕዝባቸውን ዘርፈዋል። በእኛም አገር በ1977 ዓ.ም. ረሃብ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ወገን ሲያልቅ፣ መንግሥት የአብዮቱን ዐሥረኛ ዓመት በታላቅ ድምቀት አክብሮ ገና መጨረሱ እንደነበረ አባቶቻችን ያስታውሳሉ።

ያልበደለ ባለጠጋስ?

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንሂድ። ምንም ያልበደለ፣ ከተጎዳው አገር ጋር በታሪክም በንግድም ያልተገናኘ ባለጠጋ አገር ግዴታ አለበትን?

ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ያስተማረው የደጉ ሳምራዊ ምሳሌ ለዚህ ጥያቄ በቂ መልስ አለው። ሳምራዊው ሰውየውን አልደበደበም፤ ወገኑም አይደለም፤ በመንገድ ሲያልፍ አየው እንጂ። ግዴታውን ያመጡት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ማየቱና መቻሉ። ዘይትና ወይን ነበረው፤ አህያ ነበረው፤ ለእንግዳ ማደሪያው የሚከፍለው ሁለት ዲናር ነበረው። ካህኑና ሌዋዊውም አይተው ነበር፤ አልፈው ሄዱ። ምሳሌው እኛን ካህናቱን በቀጥታ የሚመለከት መሆኑን ደግሞ ማስታወስ ይገባናል።

በጥንት ዘመን አንድ ሕዝብ የሩቁን ሕዝብ መከራ ሳያውቅ ይኖር ነበር፤ ቢያውቅም የሚደርስበት መንገድ አልነበረውም። ዛሬ ግን ባለጠጋው አገር በሰዓታት ውስጥ ያያል፤ በአንድ ቀን ውስጥም ይደርሳል። ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. በቱርክና በሶርያ ከ50,000 በላይ ሰዎችን የገደለው መንቀጥቀጥ ሲደርስ፣ አሜሪካ ሁለት ታላላቅ የነፍስ አድን ቡድኖችን ከውሾቻቸውና ከመሣሪያቸው ጋር በቀናት ውስጥ አደረሰች። መጋቢት 19 ቀን 2017 ዓ.ም. በምያንማር፣ በማንዳላይ አቅራቢያ መጠኑ 7.7 የደረሰ መንቀጥቀጥ ከ3,000 በላይ ሰዎችን ሲገድል ግን የቻይና፣ የሩስያና የህንድ ቡድኖች ቀድመው ደረሱ። ከአሜሪካ ለጥናት የተላኩት ጥቂት ባለሙያዎች እዚያው ፍርስራሽ መካከል ሳሉ ከሥራ መሰናበታቸው እንደተነገራቸው ተዘግቧል። ያ አገር ዐይኑ አልታወረም፤ አውሮፕላኑም አልጠፋም። ማየትና መቻል ሁለቱም እያሉ ማለፍ ከካህኑና ከሌዋዊው ጋር ያስቆጥራል።

አንዳንዶች «ምጽዋት የሰው ነው እንጂ የመንግሥት አይደለም፤ መንግሥት በግብር ከፋዩ ገንዘብ ጽድቅ ሊሠራ አይገባም» ይላሉ። ነገሩ ክብደት ያለው ነው፤ በግድ የተወሰደ ገንዘብ ለሰጪው የጽድቅ ዋጋ ላያስገኝ ይችላል። ነገር ግን ከሰማይ እህል የሚያወርድ አውሮፕላን፣ በባሕር ላይ የሚንሳፈፍ ሆስፒታል፣ የተቋረጠ ወደብ የሚከፍት መሐንዲስ በአንድ ምእመን ወይም በአንድ ደብር ሙዳየ ምጽዋት አይገዛም። ሕዝብ በአንድነት ብቻ የሚችለው ሥራ አለ፤ በአንድነት የሚቻለው ግዴታም በአንድነት ይጠየቃል። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ስለዚህ ነው።

ሌሎች ደግሞ «ከሩቁ በፊት የቤትን ችግር ማየት ይገባል» ይላሉ። ቅዱስ ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ በጻፈው መልእክት የራሱን ቤተ ሰብ የማያስብ ሰው እምነትን እንደ ካደ ይቈጠራል ብሏል። እውነት ነው፤ ፍቅር ቅደም ተከተል አላት። ቅደም ተከተል ማለት ግን ሁለተኛውን መሰረዝ ማለት አይደለም። በአሜሪካ ሕዝቡ ሲጠየቅ ከአገሩ በጀት ሩብ ያህሉ ለውጭ ርዳታ የሚውል እንደሚመስለው ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል፤ ትክክለኛው መጠን ግን ለብዙ ዘመን ከመቶ አንድ እጅ ገደማ ነበር። ከመቶ አንዱ ቢቀር የቤቱ ድሀ በዘጠና ዘጠኙ ያልተረዳ በዚያ በአንዱ ይረዳል ብሎ ማሰብ ያስቸግራል።

መጠኑ ስንት ነው?

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1963 ዓ.ም. መስፈርቱን አስቀምጧል። ባለጠጋ አገሮች ከጠቅላላ ብሔራዊ ገቢያቸው 0.7 በመቶውን ለድሀ አገሮች ርዳታ እንዲያውሉ ወሰነ። በእኛ ቋንቋ ስንመነዝረው ከመቶ ብር 70 ሳንቲም ማለት ነው። አሥራት የሚያወጣ ምእመን ከመቶ ብር ዐሥር ብር ይሰጣል። ይሁን እንጂ ከግማሽ ምእት ዓመት በኋላ ያን 70 ሳንቲም በቋሚነት ሲሰጡ የቆዩት እንደ ኖርዌይ፣ ስዊድን፣ ዴንማርክና ሉክሰምበርግ ያሉ ጥቂቶች ናቸው። ብሪታንያ በሕግ ደንግጋ ስትሰጥ ቆይታ በኋላ ወደ 50 ሳንቲም ቀነሰች። አሜሪካ በጠቅላላ ገንዘቡ ብዛት ለረጅም ዘመን የዓለም አንደኛ ለጋሽ ብትሆንም ከመቶ ብሯ የምትሰጠው 20 ሳንቲም ገደማ ነበር። ጌታ በመቅደስ የመባ ሣጥን ፊት ተቀምጦ የመበለቲቱን ሁለት ሳንቲም ከባለጠጎቹ ብዙ ገንዘብ ያስበለጠበት ሚዛን ለአገሮችም ይሠራል።

ከመጠኑ ይልቅ የሚከፋው አሰጣጡ ነው። ታኅሣሥ 17 ቀን 1997 ዓ.ም. በህንድ ውቅያኖስ የተነሣው ሱናሚ በ14 አገሮች ወደ 230,000 ሰዎችን ገደለ። የአሜሪካ መንግሥት በመጀመሪያ 15 ሚሊዮን ዶላር፣ ቀጥሎ 35 ሚሊዮን ዶላር እሰጣለሁ አለ። የተባበሩት መንግሥታት የአስቸኳይ ርዳታ አስተባባሪ የነበሩት ያን ኤግላንድ ባለጠጋ አገሮች እጃቸው እንደተሰበሰበ በግልጽ ከተናገሩና ቴሌቪዥኑ ሬሳውን በየቤቱ ካደረሰ በኋላ፣ ያው መንግሥት በቀናት ውስጥ 350 ሚሊዮን ዶላር አለ። የሱናሚው ተጎጂዎች ችግር በዚያ ሳምንት ዐሥር እጥፍ አልጨመረም፤ የጨመረው እፍረቱ ነው። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን ደግሞ ለዚያ ሥራ የሚበቃው ገንዘብ ስለ ተሰበሰበ ለሱናሚው ሲል ሌላ ገንዘብ እንደማይቀበል ለሰጪዎቹ አስታወቀ። ለእኛ ለገንዘብ ሰብሳቢዎች ይህ ከባድ ትምህርት ነው። እኛስ በቅቶናል ብለን እናውቃለን?

በዚያው ጊዜ ካሜራ ያልሄደባቸው አገሮች ረሃብ ማንንም አላስደነገጠም። ስለዚህ ካሜራን ተከትሎ የሚመጣ ርዳታ ግዴታን አያሟላም። ግዴታ የሚሟላው በምን ዐይነት አሰጣጥ እንደሆነ ደግሞ ከሩቅ መማር አያስፈልገንም፤ እድራችን ያስተምረናል። የእድር ገንዘብ ሰው ከሞተ በኋላ አይሰበሰብም፤ ማን እንደሚሞት ሳይታወቅ በየወሩ ይዋጣል። ድንኳኑና ወንበሩ አስቀድሞ ተገዝቶ ይቀመጣል። ኀዘንተኛው እንባውን እያፈሰሰ በየቤቱ እየዞረ አይለምንም፤ በቀብር ላይ ያልተገኘው አባል ግን ይቀጣል። በእድር ቤት ሰጪና ተቀባይ የሚባሉ ሁለት ወገኖች የሉም፤ የዛሬው ሰጪ የነገ ተቀባይ ነው። ከሱናሚው በኋላ በ1998 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ማዕከላዊ የአስቸኳይ ጊዜ ርዳታ ፈንድ ሥራ ሲጀምር ያቋቋመው ይህንኑ የእድር ሥርዓት ነው፦ አደጋ ሳይደርስ አስቀድሞ ይዋጣል፤ አደጋ ሲደርስ በሰዓታት ውስጥ ይከፈላል። የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ ያላዋጣውን የሚቀጣ ዳኛ የለውም። የአገሮች እድር እስካሁን በሕሊና ብቻ የቆመ ነው።

የሚጎዳ ርዳታ

ሁለተኛው አባት የሰው እጅ ማየት ነውር ነው ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ርዳታ ተቀባዩን ሲጎዳ አይተዋል። ኦሪት ዘፍጥረትን እስከ ምዕራፍ 47 ያነበበ ሰው ዮሴፍ ያከማቸው እህል የግብፅን ሕዝብ ከሞት እንዳዳነ፣ በመጨረሻው ግን ሕዝቡ ብሩን፣ ከብቱን፣ መሬቱንና ራሱን ለፈርዖን ሸጦ እንደ ቀረ ያውቃል። የባለጠጋ ጎተራ ያድናል፤ ይገዛልም።

ወደ ሄይቲ እንመለስ። ለዚያች አገር በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ቃል ተገባ፤ በመንግሥቷና በራሷ ማኅበራት እጅ የገባው ግን እጅግ ጥቂቱ ነበር። አብዛኛው ወደ ለጋሾቹ የራሳቸው ድርጅቶችና ሥራ ተቋራጮች ተመለሰ። በጥቅምት 2003 ዓ.ም. ደግሞ በዘመናችን በሄይቲ ታይቶ የማያውቅ የኮሌራ ወረርሽኝ ተነሣ። በሽታው የገባው ከተባበሩት መንግሥታት የሰላም አስከባሪዎች ሰፈር ወደ ወንዝ በፈሰሰ ቆሻሻ ነበር። ወደ 10,000 ሰዎች ሞቱ። ድርጅቱ ለዓመታት ሲከላከል ቆይቶ በ2009 ዓ.ም. ዋና ጸሐፊው ባን ኪ ሙን የሄይቲን ሕዝብ ይቅርታ ጠየቁ።

የምግብ ርዳታውንም ብናይ አሜሪካ በ1946 ዓ.ም. ባወጣችው ሕግ መሠረት ለዘመናት ስትሰጥ የቆየችው በዋናነት የራሷን ገበሬ እህል ነው፤ ቢያንስ ግማሹም በአገሯ ባንዲራ በሚጓዙ መርከቦች እንዲጫን ሕግ ያዝዛል። ስለዚህ በአቅራቢያው ገበያ እህል እያለ ስንዴው ውቅያኖስ አቋርጦ ወራት ፈጅቶ ይደርሳል። ያ ስንዴ በ1977 ዓ.ም. በኮረምና በመቀሌ ብዙ ነፍስ ማትረፉን ማንም አይክድም፤ የተሰጠውም አሜሪካ ጠላቴ ለምትለው መንግሥት ሕዝብ ነበርና ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን የዘገየ ስንዴ አዝመራ ደርሶ ሲገኝ የገበሬውን ዋጋ ይጥላል።

ይህን ስንል እኛ ከነቀፋው ነጻ ነን ለማለት አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ድርቅ በጎዳው አንድ ወረዳ የዘር ማሽላ ለማከፋፈል ኀላፊነት ወስደን ነበር። ግዢው፣ ፊርማው፣ የመኪናው ኪራይ እየተጓተተ ዘሩ የደረሰው ዝናቡ ካለፈ በኋላ ነው። ገበሬዎቹ በትሕትና ተቀብለው ፈረሙልን፤ እኛም በሪፖርታችን «ተከፋፍሏል» ብለን ጻፍን። በኋላ ስንሰማ ዘሩ ተፈጭቶ ተበልቷል። አንድ ሽማግሌ «ልጆቼ፣ ስለ ዘሩ እግዜር ይስጥልን፤ ምነው ግን መቼ እንደምንዘራ ብትጠይቁን?» አሉን። የሄይቲን ታሪክ ስናነብ የእኚህ አባት ቃል በጆሯችን ይደውላል። የርዳታ ጉዳቱ «አትስጡ» የሚል ትእዛዝ አይሰጠንም፤ «ጠይቃችሁ ስጡ» ይለናል እንጂ።

በእኛ ደጅ የቆመው ጥያቄ

አባቶች ሆይ፤ እስካሁን የተናገርነው ስለ ሌሎች ነው። አሁን ግን ወደ ራሳችን እንምጣ።

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ መሬት ተንሸራትቶ ቤቶችን ዋጠ። ጎረቤቶች አካፋና ባዶ እጃቸውን ይዘው የተቀበሩትን ለማውጣት ሮጡ። እየቆፈሩ ሳሉ ተራራው ዳግመኛ ተንዶ በላያቸው ወረደ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ ለማዳን የመጡት ነበሩ። እነዚያ ሰዎች ግዴታ አለብን ወይስ የለብንም ብለው አልተከራከሩም።

በዚያ ሳምንት እኛ የድጋፍ መጠየቂያ ደብዳቤ ይዘን ወደ አንድ ደብር ሄድን። ደብሩ ሕንፃ በማሠራት ላይ ነበር፤ ቆርቆሮው ሊመታ ገንዘብ ተሰብስቦ ነበር። የሰበካ ጉባኤው አባላት በአክብሮት ተቀበሉን፤ ከተመካከሩም በኋላ «ችግሩ ያሳዝናል፤ ነገር ግን የእኛ ሰበካ አይደሉም፤ ብዙዎቹም የእኛ ምእመናን አይደሉም፤ የራሳችን ሥራ አላለቀም» አሉን። እኛም ምንም ሳንመልስ ደብዳቤያችንን አጥፈን ተመለስን። ከስድስት ወራት በኋላ የአሜሪካ ርዳታ ሲታገድ የተሰጠውን ምክንያት ስናዳምጥ ያው ቃል ነበር፦ የእኛ አይደሉም፤ የቤታችን ሥራ አላለቀም። በባዕዱ አገር ላይ የፈረድንበት ቃል በራሳችን አዳራሽ ያለ ተቃውሞ ያለፈ ቃል ሆኖ አገኘነው። ጥፋቱ የዚያ ጉባኤ ብቻ አይደለም፤ ዝም ያልነው የእኛም ነው።

ቤተ ክርስቲያን ግን ከመጀመሪያው እንዲህ አልነበረችም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 11 እንደ ተጻፈ፣ አጋቦስ የተባለው ነቢይ ታላቅ ረሃብ እንደሚመጣ በተናገረ ጊዜ የአንጾኪያ ምእመናን እያንዳንዳቸው እንደ ዐቅማቸው አዋጥተው በይሁዳ ለሚኖሩት በበርናባስና በሳውል እጅ ላኩ። የላኩት ረሃቡ አስቀድሞ በተነገራቸው ጊዜ፣ ወደ ሌላ አገር፣ በታመነ እጅ ነው። ቅዱስ ጳውሎስም በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክት የመቄዶንያ ሰዎች ከድህነታቸው አብዝተው እንደ ሰጡ ይመሰክራል፤ በገንዘቡም ነቀፋ እንዳያገኘው ከሌሎች ጋር አብሮ እንደሚያደርሰው ይጽፋል። ድሀ መሆን ከመስጠት ነጻ አያወጣም፤ ገንዘቡ ትንሽ መሆኑም ሒሳብ ከማቅረብ ነጻ አያወጣም።

በአገራችን ታሪክም ምስክር አለን። ፋሺስት ኢጣሊያ በወረረን ጊዜ ሜክሲኮ ወረራውን ተቃውማ ከጎናችን ቆመች፤ በአዲስ አበባ ሜክሲኮ አደባባይ የተሰየመው ለዚህ ነው። መስከረም 9 ቀን 1978 ዓ.ም. ሜክሲኮ ከተማን የመሬት መንቀጥቀጥ ሲያፈርሳት፣ ገና ከረሃቡ ያልወጣችው ኢትዮጵያ በቀይ መስቀል ማኅበሯ በኩል 5,000 ዶላር ላከች። ገንዘቡ ለሜክሲኮ አንድ ሕንፃ እንኳ አያሠራም ነበር። ነገር ግን ኢትዮጵያ በእድሩ አባልነቷን ጠበቀች።

ሄይቲም ባለ ውለታችን ናት። በ1928 ዓ.ም. በጄኔቫ የመንግሥታት ማኅበር ስለ ኢትዮጵያ ሲመከር፣ የሄይቲ መልእክተኛ ጄኔራል አልፍሬድ ኔሙር ተነሥተው ለታላላቆቹም ለታናናሾቹም መንግሥታት አንድ ቀን እያንዳንዳችን የሌላው ኢትዮጵያ ልንሆን እንችላለን ሲሉ አስጠነቀቁ። እኛ ይህን በሁለት ቃል እንለዋለን፦ ነግ በኔ።

የምንለምናችሁ

ስለዚህ ለዚያ ሰብሳቢ ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው። የመጀመሪያው አባት እውነት አላቸው፤ የሚያይና የሚችል ባለጠጋ አገር ግዴታ አለበት፤ ቢተው ይጠየቃል። ሁለተኛውም አባት እውነት አላቸው፤ ተቀባይ ብቻ ሆኖ መኖር ያዋርዳል። ሁለቱን የሚያስታርቀው አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ እርሱም እኛ ራሳችን በዐቅማችን ሰጪዎች መሆን ነው። ያላዋጣ እድርተኛ ሌላውን ለምን አላዋጣህም ብሎ ሊከስ አይችልም።

ከእያንዳንዱ ሰበካ ሦስት ነገር እንለምናለን። አንደኛ፣ ከሙዳየ ምጽዋት ገቢ ጥቂትም ብትሆን የታወቀች ድርሻ ከሰበካው ውጭ ለሚደርስ አደጋ በየወሩ ተለይታ ትቀመጥ፤ ሕንፃው እስኪያልቅ አትጠብቅ፤ ሕንፃ መቼም አያልቅም። ሁለተኛ፣ ገቢውና ወጪው በዓመት አንድ ጊዜ በሪፖርት ተሸፍኖ ከሚቀርብ ይልቅ በየሦስት ወሩ በእሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለምእመናን ይነበብ። ሦስተኛ፣ ርዳታ ከመላኩ በፊት የተጎዱት ሰዎች ምን እንደሚያስፈልጋቸውና መቼ እንደሚያስፈልጋቸው ይጠየቁ፤ ይህን ሳናደርግ ወደ እናንተ ብንመጣ እኛንም መልሱን። በውጭ አገር ዘመድ ያላችሁም፣ በተለይ በአሜሪካ ዜግነት አግኝተው ድምፅ የሚሰጡ ልጆቻችሁን፣ የመረጧቸውን እንደራሴዎች ስለዚህ ጉዳይ እንዲጠይቁ ምከሯቸው። እነርሱ የዚያ ባለጠጋ አገር ሕሊና አካል ናቸው።

ያን የተመለስንበትን ደብር ባለፈው ወር ደግመን ጎበኘነው። ቆርቆሮው ተመትቷል፤ ቅጥሩ ግን ገና አላለቀም። ደብዳቤያችንን ይዘን ነበር፤ በዚህ ጊዜ ሳናጥፈው ጠረጴዛው ላይ ትተነው መጥተናል። መልሱን እየጠበቅን ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።